ግፉኝ

ኮምቦልቻ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ለወንድሜ ልጅ ለጦይባ ሙሐመድኑር፣ ሪያድ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን አለሽ ልጄ? የሰው ቤቱ ሥራ እንዴት ይዞሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ በጤና አለን። ጆሮዬ ብቻ ጭራሹን ዘግቶ አረፈው። አርባ ዓመት ሙሉ ጋራዥ ውስጥ መዶሻ ሲጮኽበት የኖረ ጆሮ ምን ያድርግ! ስለዚህ ስልክ እየደወልሽ አትድከሚ። ባለፈው አንቺ «ዒድ ሙባረክ» ስትዪኝ እኔ «አዎ፣ ሽንኩርት ተወዷል» ስልሽ ነበር አሉ። ጽፈሽ በፎቶ ላኪልኝ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ አነበዋለሁ።

የምጽፍልሽ ስለ ግፉኝ ነው። የአባትሽ ቀይ ፊያት ስፖርት፣ ባለ ሁለት በሯ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፈው። ሰፈሩ «ግፉኝ» ብሎ የሰየማት ሳትገፋ ተነሥታ ስለማታውቅ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ አንቺም ስንት ጧት ገፍተሻታል። አባትሽ ከሸጣት ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አቶ መስፍን ሆቴል በር ላይ ለጌጥ ቆማ ነበር። አሁን ሰውየው ግቢውን ሊያሰፋ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ቁርጥራጭ ብረት የሚገዙ ሰዎች መጥተው ዙሪያዋን ሲለኳት አየሁና ደሜ ፈላ። በዚህ እጄ ፈትቼ የገጠምኳት መኪና በኪሎ ልትሸጥ!

ገባሁና «እኛ መልሰን እንገዛታለን» አልኩት። በምን እንደምገዛት አላህ ይወቀው። መስፍን ሳቀ፣ ሳቀና እንደ ልማዱ ወረቀት ላይ ጽፎ እንዲህ አለኝ፦ «ልጄን ትዝታን ለዳግማይ ትንሣኤ እድራለሁ። ያን ቀን ሙሽሮቹን ይዛ ከሆቴሌ እስከ አዳራሹ በራሷ ከሄደች፣ ሙሐመድኑር በሸጠልኝ ዋጋ ውሰዷት። ካልሄደች ሰኞ ጧት ብረት ገዢዎቹ ይጭኗታል።» ተጨባበጥን። መስፍን ነገረኛ ነው እንጂ ቃሉን አያጥፍም።

አንቺ ምን ትያለሽ? እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ስፖርት መኪና ምን ያደርግልኛል? ይቅር ካልሽ ቅር አይለኝም። ይለኛል፣ ግን አልነግርሽም።

አላህ በሄድሽበት ሁሉ ሰው ያድርግልሽ።
አጎትሽ አብዱረሂም


ሪያድ፣ ዑረይጃ፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ ለአጎቴ ለአብዱረሂም፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላህ። እንዴት ሰነበቱልኝ? ጆሮዎንስ አላህ ያሽረው። እኔ ደህና ነኝ፣ ሙቀቱም ገና አልመጣም፣ ሪያድ ጥር ላይ ደግ አገር ናት።

ደብዳቤዎን ኩሽና ቆሜ ሳነብ ድስት አረረብኝ። ማማ (አሠሪዬን እዚህ እንደዚያ ነው የምንላት) ሽታው ጠርቷት መጣችና «ምን ሆነሻል?» አለችኝ። «መኪናችን ልትመለስልን ነው» አልኳት። «ምን ዓይነት መኪና ናት?» «የምትገፋ።» ከዚያማ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ግቢያቸው ውስጥ አራት መኪና አለ፣ አንዱም ተገፍቶ አያውቅም፤ ምስኪኖች፣ ምን እንደቀረባቸው አያውቁትም።

አጎቴ፣ ይግዙልኝ። ላሜራዋ ላይ አንድም መዶሻ ሳያርፍ ይግዙልኝ። ለኢጃዛ፣ ለዕረፍት አገር መግቢያ፣ ብዬ ያስቀመጥኳት ገንዘብ አለች፣ እሷን እልካለሁ። ዕረፍቱ የትም አያመልጥም፣ ዘጠኝ ዓመት ጠብቆኝ የለ! መለዋወጫ ካስፈለገም ይጻፉልኝ፤ እዚህ ባዲዓ ወርክሾፕና የመኪና ዕቃ ሱቅ እንደ አሸዋ ነው።

ለምን ይህን ያህል ፈለግሻት ብለው ግን አይጠይቁኝ። ፈለግኳት፣ ኸላስ።

እጅዎን የምስም
ጦይባ


ኮምቦልቻ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለጦይባ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ ዕድሜሽ ይርዘም። የላክሽው ደርሶኛል። እኔ ግን ለኢጃዛ ያስቀመጥሽው መሆኑ አልጣመኝም። ዘጠኝ ዓመት ስንት ሰው ወጥቶ ስንት ሰው ገባ፣ አንቺ «ለከርሞ» እያልሽ ቀረሽ። አትጠይቁኝ ብለሻል፣ አልጠይቅም። ማለቴ፣ ይኸው ጠየቅኩ።

ወደ ግፉኝ ልመለስ። ኮፈኗን ብከፍት የአይጥ አገር ሆናለች። ሽቦውን በልተውታል፣ የኋላ ወንበሩን ፈትተው ፍራሽ ሠርተውበታል። አምስት ቀን ጠረግኩ። ካርቡራተሯን ፈትቼ አጠብኩ፣ ካንዴላዎቿን ቀየርኩ፣ ፍሬኗን አሰርኩ። ከዚያ የሆቴሉን ሠራተኞች ሰብስቤ በጓሮ በኩል አስገፋኋት። አንዴ፣ ሁለቴ። በሦስተኛው ሰዎቹ ሲዘሉና ሲያጨበጭቡ አየሁ። እኔ ምን እሰማለሁ? ሮጬ ኮፈኑ ላይ መዳፌን አሳረፍኩ። ይንቀጠቀጣል! ልጄ፣ አራቱም ፒስተን አንድ በአንድ መዳፌ ላይ መጡ። ጆሮዬ ቢዘጋም እጄ አልተዘጋም። እዚያው ኮፈኑን አቅፌ አለቀስኩ፣ ሰዎቹም አበደ ብለው ዞር አሉልኝ።

አሁን የጎደላት አንድ ነገር ነው፣ ማርሽ። ኮምቦልቻ የለም፣ ደሴ የለም፣ አዲስ አበባም አስጠይቄ የለም ብለውኛል። እዚያ «የፊያት መቶ ሃያ አራት ስፖርት ማርሽ» ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ማውራት አያስፈልግሽም። ማርሽ የትም አገር ማርሽ ነው፣ ዓረቡ ራሱ ያውቀዋል።

ጾሙ እየደረሰ ነው፣ ዱዓ አድርጊልኝ።
አጎትሽ አብዱረሂም


ሪያድ፣ ዑረይጃ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአብዱረሂም፣

ዒድ ሙባረክ! ሽንኩርትም እዚህ ተወዷል።

ዘገየሁብዎ፣ አውቃለሁ፣ አይቆጡኝ። ረመዳን በሰው ቤት ምን እንደሚመስል ላስረዳዎ ብል ወረቀቱ አይበቃኝም። ከዙህር ጀምሮ ሳምቡሳ ስጠቀልል፣ እንግዳው ከፉጡር እስከ ሱሁር ሲግተለተል፣ ጣቶቼ በሕልሜም ይጠቀልሉ ነበር። ባዲዓ የሄድኩት ትናንት፣ የዒድ ሦስተኛ ቀን ነው። ማማ «ያላ ሂጂ፣ የምትገፋዋን መኪናሽን ፈውሻት» ብላ ከሹፌሩ ጋር ላከችኝ።

ሰባት ሱቅ ዞርኩ። ፊያት ስላቸው «ያ እኮ የአያቴ መኪና ነው» እያሉ ይስቁብኛል። ስምንተኛው ላይ አንድ ሸምገል ያለ ግብፃዊ ተቀምጧል። «የፊያት መቶ ሃያ አራት ማርሽ አለህ?» ስለው ዓይኑ በራ። «ማርሽ! አለኝ እንጂ!» ብሎ ከጀርባ ሄደና አቧራ የለበሰ፣ እንደ ሕፃን የከበደ ብረት ታቅፎ ወጣ። ከቤይሩት ከመጣች ፊያት የፈታው ነው አለኝ። እኔም እንዳልታለል ብዬ «ለመሆኑ ይህ ነገር ምን ይሠራል?» አልኩት። «እህቴ፣ ይህ ከሌለ መኪናሽን በግፊ ነው የምታስነሺው» አለኝ። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ልፈልግ? «ልክ ነው፣ እሱ ነው!» ብዬ ተቀበልኩት። አጎቴ አብዱረሂም ሲናገር መሬት ጠብ አይልም አልኩ፤ በእውነትም ማርሽ የትም አገር ማርሽ ነው።

ሱመያ ይዛው ትመጣለች። ዑድ ሰፈር ትኖር የነበረችው ጓደኛዬ ናት፣ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ፣ ኸሩጅ፣ ተመትቶላት ለሁልጊዜው ልትገባ ነው። ሻንጣዋ ሞልቶ ሁለት ብርድ ልብስ አውጥታ ነው ቦታ የሰጠችኝ፣ ስትመጣ ይመርቁልኝ።

ግፉኝን በእጅዎ ይዳብሱልኝ።
ጦይባ


ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጦይባ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ትዕግሥት ደግሞ ለእኔ።

ወይ ጉድ! ወይ ጉድ! አንቺ ልጅ፣ ማርሽ ብልሽ ሞተሪኖ ትልኪልኛለሽ? ሱመያ ብርቱ ናት፣ ያን ብረት እንደ አደራ ዕቃ በሁለት እጇ ስታስረክበኝ መርቄያታለሁ። እሷ ከሄደች በኋላ ፈታሁት። ከዚያ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ያህል ተናደድኩ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ሳቅኩ። በመጨረሻ ግብፅ አገር የነበረ አንድ የጋራዥ ሰው ጠየቅኩ። እነሱ «ማርሽ» የሚሉት ለካ እኛ ሞተሪኖ የምንለውን ነው! ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሣውን። የእኛን ማርሽ ሌላ ስም አላቸው። እኔ ነኝ «ብዙ ማውራት አያስፈልግሽም» ያልኩሽ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቢያንስ ሥዕሉን ሥዬ ብልክልሽ ምን ነበር!

አሁን ያለንበትን ልንገርሽ። ሁለተኛ የለም፣ ሦስተኛ የለም፣ አራተኛ የለም። ያለን አንደኛ ማርሽና የኋላ ማርሽ ብቻ ነው። ሙሽራ ደግሞ በኋላ ማርሽ አይወሰድም። ለሌላ ዕቃ ጊዜ የለንም፣ ሠርጉ አሥራ ስድስት ቀን ቀረው።

ትናንት ደግሞ መስፍን አዲስ ነገር አመጣብኝ። «አብዱረሂም፣ ልጄ ቬሎ ለብሳ በተቀመጠችበት መኪናዋ ስትገፋ ቪዲዮ ውስጥ እንዳትገባ። ማንም እጁን ካሳረፈባት ውላችን ፈርሷል» አለኝ። እኔ እኮ ከጓሮ አስገፍቼ ላስነሣት ነበር ያሰብኩት፤ በመንገድ ሞተሯ ቢጠፋ ግን ማንም ሳይገፋት እንዴት ትነሣለች? ስለዚህ ያን የስሕተት ሞተሪኖሽን አነሣሁና እግሩን ሞርጄ ልገጥመው ይዣለሁ። እንግዲህ ይሁን።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈርቻለሁ። ብትቀር ይቅር በይኝ።
አጎትሽ አብዱረሂም


ሪያድ፣ ዑረይጃ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣

እንደምን ከረሙ? አሁን ሁሉም ተኝቷል ልልዎ ነበር፣ ግን አልተኛም፤ እንግዳ አለ፣ እኔ ግን ልብስ መተኮሻ ክፍል ገብቼ በሩን ዘግቻለሁ። ይህን አሁን ካልጻፍኩት መቼም አልጽፈውም።

የማርሹ ጥፋት የእርስዎ አይደለም። እኔ ማርሽ ምን እንደሆነ ሹፌሩን መጠየቅ እችል ነበር፣ አጠገቤ ቆሞ ጥርሱን ይፍቅ ነበር። አልጠየቅኩም። ግብፃዊው «ይህ ካለ ሳትገፋ ትነሣለች» ሲለኝ ልቤ ሌላ ነገር መስማት አልፈለገም። ዘጠኝ ዓመት ስመኘው የኖርኩት ዕቃ እሱ ነበራ!

የሄድኩ ዕለት ያስታውሳሉ። ሰፈሩ ተሰብስቦ ገፋናት። እኔም በአዲሱ ዓባያዬ ገፍቼ፣ ስትነሣ ሮጬ ገባሁ። መናኸሪያ ስንደርስ አባቴ አልወረደም። እግሩ ነዳጁ ላይ፣ ሁለት እጁ መሪው ላይ፣ «ግቢ፣ ባሱ ጥሎሽ ይሄዳል» አለኝ። ሻንጣዬን ራሴ አወረድኩ። በመስኮት እጁን ሳምኩ። ዞር ብዬ ሳይ ሄዷል። ሁሉም አባት ልጁን አቅፎ ያለቅሳል፣ እኔ ብቻዬን ቆሜያለሁ። ለራሴ «ሞተሩ እንዳይጠፋበት ነው እንጂ ይወርድ ነበር» አልኩ። ሦስት ዓመት እንዲህ ስል ቆየሁና አባቴ ሞተ። ከዚያ ወዲህ እንግዲህ ማንን ልጠይቅ? መኪናዋ ናት ወይስ እኔ ነኝ እያልኩ ቀረሁ።

ኢጃዛ ለምን አልወጣሽም ላሉኝ መልሱ ይኸው ነው። ያን መናኸሪያ ፈራሁት። አባቴ ያልወረደበት ቦታ ላይ ብወርድ ማን ይቀበለኛል ብዬ ፈራሁ። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ የሰው ልጆች አሳድጌያለሁ፣ እሱን ነገር ግን ማሳደግ አልቻልኩም።

ግፉኝ ብትቀር አልቀየምዎም። በመዳፍዎ ከሰሟት ለእኔ ይበቃኛል።

ጦይባ


ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣ ለሙሐመድኑር ልጅ ለጦይባ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ዛሬ ሰላምታዬ ይርዘም፣ ደስ ብሎኛል።

እሁድ ጧት ግፉኝን አጥቤ፣ አበባ አስሬ፣ ቁልፉን አዞርኩ። ዳሽቦርዱ ላይ መዳፌን አድርጌያለሁ። ብር አለች! ሰው እንደ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ግፉኝን ሲያስነሣ ኮምቦልቻ አይታ አታውቅም። የሰፈሩ ሰዎች ከልማዳቸው ለመግፋት እጅጌያቸውን ሰብስበው ቆመው ነበር፣ ቅር አላቸው መሰለኝ።

ትዝታ አጠገቤ በቬሎዋ፣ ሙሽራው ከኋላ ጉልበቱን አገጩ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ጣሪያውን አጠፍኩት። ያለን አንደኛ ማርሽ ብቻ አይደል? ወጣን፣ ቀስ፣ ቀስ። ባጃጅ ቀደመን፣ ጋሪ ቀደመን። ቪዲዮ አንሺው በእግሩ ከፊታችን ወደ ኋላ እየተራመደ ይቀርጻል። እኔ በላብ ተጠምቄያለሁ፣ ሰዉ ግን «እንዴት ያለ ክብር ነው! እንዴት ያለ እርጋታ ነው!» ይላል አሉ። መስፍን ከኋላ ባለው መኪና ደረቱን ነፍቶ ይመጣል።

መናኸሪያው በር ስንደርስ ደብዳቤሽ ኪሴ ውስጥ ነበር። ጦይባ፣ ሞተሩን አጠፋሁት።

በስሕተት አይደለም፣ ቁልፉን በእጄ መለስኩት። ትዝታ ደንግጣ እጄን ያዘችኝ። ከኋላ መስፍን ራሱን ይዞ ሲወርድ በመስታወት አየሁት። ሰዎች ለመግፋት ሲሮጡ «ማንም እንዳይነካት!» ብዬ ጮኽኩ። በሩን ከፍቼ ወረድኩ። ባስሽ ቆሞበት የነበረው ቦታ ድረስ ሄድኩና ቆምኩ። ፋቲሃ ቀራሁ። «ሙሐመድኑር፣ ይኸው ወረድኩላት» አልኩ። ጮክ ብዬ ይሁን በልቤ አላውቅም፣ ጆሮዬ አይነግረኝም። ተመልሼ ገባሁና ቁልፉን አዞርኩ። ዝም። እጄ ላይ ምንም የለም። መኪናዋን በገዛ እጄ ለብረት ገዢ ሰጠኋት አልኩ። ደግሜ አዞርኩ። ትዝታ ትከሻዬን መታ መታ ስታደርገኝ፣ ያኔ መዳፌ ሥር መጣች።

መስፍን አዳራሹ በር ላይ ሊብሬዋን ሰጠኝ። «አብደሃል፣ ግን ውል ውል ነው» አለኝ። በስምሽ አዙሬልሻለሁ።

አሁን ልንገርሽ፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት መንገር የነበረብኝን። የዚያን ዕለት አባትሽ ከመናኸሪያው በቀጥታ መስፍን ሆቴል መጣ። ለጉዞሽ እንደሸጣት ታውቂያለሽ፤ ቁልፉን ሊያስረክብ ነው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ሞተሩን አጠፋና መሪው ላይ ተደፍቶ ቀረ። «አቅፈህ ሸኘሃት?» አልኩት። ያኔ ጆሮዬ ደህና ነበር፣ ያለኝን በደንብ ሰምቼዋለሁ። «ከወረድኩ አልሰዳትም ነበር፣ አብዱረሂም» አለኝ። የሞተሩ ነገር ሰበብ ነበር። አንቺም አልነበርሽም ጥፋተኛዋ። ይህን እስከዛሬ ያልነገርኩሽ ስላልጠየቅሽኝ ነው፤ የምታውቂ መስሎኝ! እኔም አባትሽም ስለ ሞተር እንጂ ስለ ሌላ ነገር ማውራት አልተማርንም።

ከእንግዲህ ምንም አትላኪ። ራስሽን ላኪ።
አጎትሽ አብዱረሂም


ሪያድ፣ ዑረይጃ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአብዱረሂም፣

አላህ ያቆይልኝ፣ አላህ እነዚያን እጆች ያቆይልኝ። ደብዳቤዎን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርዎም። ማማ አንዴ እያለቀስኩ አንዴ እየሳቅኩ ስታገኘኝ «አሁን ደግሞ መኪናሽ ምን ሆነች?» አለችኝ። «ሳትገፋ ተነሣች» አልኳት። «ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?» አለችኝ። ዓረብኛዬ እዚያ ድረስ አይሄድልኝም። «አባቴ ይወደኝ ነበር» ብቻ አልኳት። እሷም ኢጃዛዬን ራሷ ልትጨርስልኝ ወጣች።

የመውጫ ቪዛዬ፣ ተእሺራው፣ ተመታ። ሰኔ አራት ቀን ማታ እበራለሁ፣ በማግስቱ ከአዲስ አበባ በባስ እመጣለሁ። የእኛን ማርሽ እዚህ «ጊር» ነው የሚሉት። ግብፃዊው ጋ ተመልሼ፣ ጥርሱን ሁሉ በወረቀት ሥዬ አሳይቼ አስፈልጌዋለሁ፤ በሻንጣዬ ነው። ሊገጥሙት ግን አይቸኩሉ። የመጀመሪያውን ቀን በአንደኛ ነው መሄድ የምፈልገው፣ ባጃጁም ጋሪውም ይቅደመን።

መናኸሪያ ይጠብቁኝ። ባሱ ሲገባ ያዩኛል፣ ቀይ ሻሽ አድርጌያለሁ። እጅዎን ለማውለብለብ አይድከሙ፣ በመስኮትም አይጥሩኝ። ሞተሩን አጥፍተው ይውረዱልኝ።

ልጅዎ ጦይባ